ሰንበቴ በጎጃም ደጋ

ሰንበቴ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሚገናኙ ምእመናን ማኅበር ነው። ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችው ደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር አጥቢያዎች ተረኛው ዳቦና ጠላ ይዞ ወደ ሰንበቴው ቤት ይመጣል፤ ካህኑ ይባርካል፤ ዳቦው ይቆረሳል። ከማኅበርተኛው ጋር ነዳያንና መንገደኛም ይቀምሳሉ። የሰንበቴ ትልቁ ውበት እዚህ ላይ ነው፤ እንግዳ ከየት መጣህ ሳይባል ይበላል።

ማኅበርተኛ ሲወልድም ሲቀብርም ብቻውን አይሆንም። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ፤ ቁጥሩ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ከሚለው ከመጽሐፈ ኩፋሌ ትረካ ጋር ይያያዛል። ያን ዕለት የሚወጣው የክርስትና ስም በአዘቦት እምብዛም አይጠራም። ሰውየው ሲሞት ግን ካህናቱ ፍትሐቱንም የተዝካሩንም ጸሎት የሚያደርሱት በዚያው ስም ነው፤ ጎረቤት የሟቹን የክርስትና ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው።

ከቀብር በኋላ በ3ኛው ቀን ሰልስት ይሆናል፤ 40፣ መንፈቅና ሙት ዓመት ይከተላሉ። ከባዱ የ40ው ተዝካር ነው። ጌሾ ይወቀጣል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ዳስ ይጣላል፤ ቀኑ ጾም ላይ ከዋለ ወጡ ሽሮና ክክ ይሆናል። ለተዝካር ሲል በሬውን የሸጠ ገበሬ መኖሩም አይካድም። ሸክሙን የሚያቀልለት ማኅበርተኛው ነው፤ አንዱ እህል፣ ሌላው እንጨት ያዋጣል፣ ሴቶቹም እንጀራ ጋግረው በመሶብ ያመጣሉ።