ከማን ጋር ትዘፍናለህ?

የኮሌጅ ሙዚቃ ክበብ አባል ለመሆን የሚሰጠው ፈተና በአገራችን ከኮሌጅ ኮሌጅ ብዙም አይለይም። ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ተማሪው ይሰለፋል። ተራው ሲደርስ ይገባል። ሦስት አራት ነባር አባላት ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ኪቦርድ ላይ ነው። «ምን ትዘፍናለህ?» ይባላል። ልጁ የአንድ ታዋቂ ድምፃዊ ዘፈን ይጠራል። ገና አዝማቹ ላይ ሳለ «በቃ፣ እናመሰግናለን» ይሉታል። በማግስቱ የስም ዝርዝር ይወጣል። ስሙን ያጣው ብዙ ጊዜ ዳግመኛ በሰው ፊት አይዘፍንም፤ «ድምፅ የለኝም» ብሎ ራሱን አሳምኖ ይቀመጣል።

በዚህ ጽሑፍ አንድን ክበብ ለይቼ አልወቅስም፤ የምወቅሰው ጥያቄውን ነው። «ምን ትዘፍናለህ?» የሚል ሰው ሙዚቃ በአንድ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ተሟልቶ ይገኛል ብሎ አስቀድሞ ወስኗል። ይህ ለአንዳንዱ ዘፈን ይሠራል። እዚህ ወላይታ ላይ ሲመጣ ግን ነገሩ ይበላሻል።

እስቲ በመስከረም የጊፋታን ሰሞን እናስብ። ወጣቱ ሀያያ ሌኬ ሲል ብቻውን የሚዘፍን ማን ነው? አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ እግርና ጭብጨባ ከሥር ይሸከመዋል። የሚያወጣው ሰው ትንፋሽ የሚያገኘው ተቀባዮቹ ስላሉ ነው። ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ ናቸው። ከኦሞ ማዶ የዳውሮ ሰዎች ረጃጅሞቹን ዲንካዎች ሲነፉ እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ ብቻ በተራው ያስገባል፤ ዜማው የሚወለደው በመካከላቸው ነው። ከአርባ ምንጭ በላይ በጨንቻ ደጋ የዶርዜ ሰዎች በአንድ ጊዜ ልዩ ልዩ ድምፅ ይዘው ይዘፍናሉ። ይህ የደቡብ ነገር ብቻ ነው የሚል ካለ ደግሞ የሰሜኑን እምቢልታ ያስታውስ። እምቢልታ በሦስት ይነፋል፤ አንዱ ለብቻው አንድ ሁለት ድምፅ እንጂ ሙሉ ዜማ አይወጣውም። አዝማሪውስ ቢሆን ማሲንቆውን ብቻውን ቢይዝም «ተቀበል!» የሚለው አድማጭ ባይኖር ግማሽ ሥራው የት ይገባ ነበር?

እንግዲህ ከገጠር ወረዳ የመጣ አንድ ልጅ በዚህ ፈተና ፊት ሀያያ ሌኬን ሊዘፍን ቢቆም ምን ይሆናል? ያወጣል፤ የሚቀበለው የለም። ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ኪቦርዱ ይቀድመዋል። ፈታኞቹ ተያዩና «ሪትም አይጠብቅም» ብለው ይጽፋሉ። የዘፈኑን ግማሽ ውጭ ሰልፉ ላይ ትቶት እንደገባ ማንም አላየለትም! ቀጥሎ የሚገባው የሰፈሩ ልጅ እኮ ተቀባዩ ነበር።

የፈተናው ጉድለት መድረክ ላይ ደግሞ ይታያል። በፈተናው ያለፉት ሁሉ ብቸኛ ድምፃውያን ናቸው፤ ተራ በተራ ወጥተው ይዘፍናሉ። የወላይታው ጨዋታ የዝግጅቱ ማሳረጊያ ይሆናል። ተወዛዋዦቹ ዱንጉዛ ለብሰው ይወጣሉ፤ ተመልካቹ ይነሣል፤ አዳራሹ ይናወጣል። ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን ጆሮ ሰጥታችሁ አድምጡ፤ የሚቀበለው ማን ነው? ከኪቦርዱ የሚወጣ የተቀዳ ምት ነው። ወገቡ አለ፣ ልብሱ አለ፣ ዘፈኑን ዘፈን ያደረገው መቀባበል ግን የለም። ባህሉን አሳየን እንላለን እንጂ ያሳየነው ልብሱን ነው።

ሌላ መንገድ እንደነበረ ታሪክ ይነግረናል። በ1963 እ.ኤ.አ. ግብፃዊው የሙዚቃ ሰው ሃሊም ኤል-ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አዲስ አበባ ላይ አቋቋመ። ቡድኑ በዚያን ጊዜው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሠርቷል፤ በኋላም ተስፋዬ ለማ መርቶታል። ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገና፣ ዋሽንት፣ እምቢልታ በአንድነት ተቀመጡ። እነዚህ መሣሪያዎች በልማድ እንዲህ አብረው የሚጫወቱ አልነበሩም። ስለዚህ የተጫዋቹ ዋና ሥራ ጎኑ ያለውን መስማት ሆነ። ቻርለስ ሳተን የተባለው አሜሪካዊ እንኳ ማሲንቆውን ከጌታመሳይ አበበ ተምሮ አብሯቸው ተጫውቷል። ባዕድ ሰው ከጎን ተቀምጦ እየሰማ መማር ከቻለ፣ የወላይታና የጎንደር ተማሪ እንዴት ያቅተዋል?

ማህሙድ አህመድንም እናስታውስ። በ1962 እ.ኤ.አ. አሪዞና ክለብ ውስጥ ተላላኪ ሆኖ ይሠራ ነበር። አንድ ምሽት የክቡር ዘበኛ ባንድ ድምፃዊ ሲቀር ልዝፈን ብሎ ጠየቀ። ችሎታው የተለካው ከባንድ ጋር ቆሞ ነው። ከጠረጴዛ ፊት ብቻውን ቢቆም ኖሮ እንዲያው ምን ይጻፍለት ነበር?

የሚነሣብኝን ተቃውሞ አውቃለሁ። አንደኛ፣ «ተፈታኙ ብዙ፣ ጊዜው አጭር» ይባላል። እሺ፣ ግን አምስት ሰው አንድ ላይ ቢገባ ሰልፉ ያጥራል እንጂ አይረዝምም። ሁለተኛ፣ «በቡድን ውስጥ ደካማው ይደበቃል» ይባላል። ይህኛው ከበድ ያለ ነው፤ በአንድ ድምፅ በሚዘመር ኅብረት ውስጥ እውነትነት አለው። በመቀባበል ውስጥ ግን አይሆንም። ከሦስቱ እምቢልታ አንዱ ዝም ቢል ዜማው ላይ ቀዳዳ ይከፈታል፤ አዳራሹ ሁሉ ይሰማዋል። እዚያ መደበቂያ የለም። እንዲያውም የሚደበቀው ብቸኛው ነው፤ የታዋቂ ድምፃዊን ንዝረት በቃሉ አጥንቶ ይመጣና ሌላ ሰው መስማት አለመቻሉ የሚታወቀው ልምምድ ከተጀመረ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። ፈተናው ሦስት ይሁን። አንደኛው እንደ ቀድሞው ለብቻ ይሁን፤ ብቸኛ ድምፅም ያስፈልገናልና። ሁለተኛው ተፈታኙ ለማያውቀው ሰው እንዲቀበል ይሁን፤ ወላይትኛ የማይችል ወላይትኛውን፣ አማርኛ የከበደው አማርኛውን ይቀበል። ሦስተኛው «ሰዎችህን ይዘህ ና» ይሁን፤ ከሰፈር፣ ከመዘምራን፣ ከዶርም፣ ከየትም። ያኔ ኪቦርዱ ትንሽ ይረፍ፤ እኛም ከእርሱ ጋር እንረፍ።

ይህ የክበብ ጉዳይ ብቻ መስሎ ከታያችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። እዚህ ሶዶ ከዳሞታ ሥር ከየማዕዘኑ መጥተን በአንድ ዶርም እናድራለን፤ ብዙዎቻችን ግን የጎረቤት አልጋ ላይ ያለውን ልጅ ዘፈን መቀበል ሳንችል እንመረቃለን። ለዚህ ማስተካከያ የሚሆን ርካሽ ቦታ ካለ የሙዚቃ ክበቡ ነው። የሚያስፈልገው አዲስ ስፒከር አይደለም። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ቀና ብሎ «ከማን ጋር ትዘፍናለህ?» ቢል ይበቃል።