ከባለርስቱ ሣጥን የወጣ ምስክር

በእንጅባራ ደጋ ድንች የሚተክል ገበሬ ቅጠሉን አጥቁሮ ፍሬውን መሬት ውስጥ የሚያበሰብሰውን በሽታ ያውቀዋል። ያው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድ ገባ፤ በተከታዮቹ ዓመታት በረሃብና በወረርሽኝ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ።

በአየርላንዷ ስትሮክስታውን እ.ኤ.አ. በ1994 የተከፈተው የረሃብ ሙዚየም ይህን ታሪክ ይዟል። የማደንቀው የምስክር አመራረጡን ነው። ሐውልት ከማቆም ይልቅ የባለርስቱን፣ የሜጀር ዴኒስ ማሆንን መዛግብት ዘረጋ። ርስቱን በ1979 የገዛ ነጋዴ ወረቀቶቹን አግኝቶ ባያስቀምጣቸው ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? ጭሰኞቹ የልጆቻቸውን የረሃብ ለቅሶ መቋቋም እንዳቃታቸው ገልጸው በ1846 የጻፉት አቤቱታ እዚያው አለ። የርስቱ እንደራሴ ስሌትም አለ፤ ጭሰኞቹን በአገር ከመቀለብ ወደ ካናዳ ማሳፈር ይረክሳል የሚል። ክፉ ሰው እንኳ ሒሳቡን በጥንቃቄ ይጽፋል! የእኛም የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የ1977 ዓ.ም. የረሃብ ሰነዶች እንዲህ ለጎብኚ ቢዘረጉ እወዳለሁ።

በእንደራሴው ስሌት መሠረት በ1847 ግንቦት ላይ 1,490 ጭሰኞች ወደ ካናዳ ለመሄድ እስከ ደብሊን 165 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ተጓዙ። ማሆን በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በጥይት ተገደለ።