ሺህ ፊት ወይስ አንድ ፊት ሺህ ጊዜ?

በፊልም ጥበብ ውስጥ ከባድ ከሚባሉት ተግባራት አንዱ ብዙ ሕዝብን በአንድ ትዕይንት ማሳየት ነው። ጦር ሲዘምት፣ ገበያ ሲደምቅ፣ አደባባይ ሲሞላ ለማሳየት የሚሻ ከያኒ ሰው፣ አልባሳት፣ ስንቅና ብዙ ገንዘብ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው «ጋንዲ» የተሰኘው ፊልም ለቀብሩ ትዕይንት 300,000 ያህል ሰው አሰልፏል። ይህ ለአገራችን ፊልም ሠሪ የሚሞከር አይደለም። ስለ አድዋ ፊልም በተነሣ ቁጥር «ያን ሁሉ ሠራዊት ከየት እናመጣለን?» የሚለው ጥያቄ የሚቀድመውም ስለዚህ ነው።

ዛሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚመስል ዘዴ አለ። ይኸውም የተለያዩ ቅጂዎችን በኮምፒዩተር አዋሕዶ አንድ ምስል ማድረግ ነው። ካሜራው እንዳይነቃነቅ ሆኖ ይተከላል። መቶ ሰዎች በሜዳው አንድ ጥግ ቆመው ይቀረጻሉ፤ ቀጥሎም ልብስና ቦታ ለውጠው በሌላው ጥግ ይቀረጻሉ። በመጨረሻ ቅጂዎቹ ሲጋጠሙ መቶው ሰው ሺህ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው «ፎረስት ጋምፕ» የዋሽንግተኑን ታላቅ ሰልፍ ያሳየው 1,500 ያህል ሰዎችን እንዲህ በማባዛት ነው። ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ፀሐይ ስትዞር ጥላም ይዞራልና፣ የአንዱ ቡድን ጥላ ከሌላው ጋር ካልተስማማ ብልሃቱ ወዲያው ይጋለጣል።

ይሁን እንጂ ዘዴው የሚያበዛው አካልን ነው፤ ሰውን ግን ሊያበዛ አይችልም። በሥራ መውጫ ሰዓት ኦሎምፒያ ላይ ታክሲ የሚጠብቀውን ሕዝብ ልብ ብለን እንይ። ሁሉም የቆመው ለአንድ ጉዳይ ነው፤ አቋሙ ግን ለየቅል ነው። አንዷ ጫማዋን ታሳርፋለች፣ አንዱ ሳንቲሙን ይቆጥራል፣ ሌላው ተስፋ ቆርጦ በእግሩ ወደ መስቀል አደባባይ ያዘግማል። በዚያው አደባባይ በታላቁ ሩጫ ዕለት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ ይወጣል። ቢሆንም አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ይጨፍራል፣ አንዱ የቀረ ጓደኛውን ዞሮ ይፈልጋል። ልብሱ አንድ ሲሆን የሰው ልዩነት ይበልጥ ጐልቶ ይታያል።

የውጭ ባለሙያዎችም ይህን ተረድተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 ለታየው «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» የተሠራው «ማሲቭ» የተባለ ፕሮግራም፣ በኮምፒዩተር የተፈጠረው እያንዳንዱ ወታደር አካባቢውን «አይቶ» የራሱን እርምጃ እንዲወስን የሚያደርግ ነው።

እኛ ደግሞ ከዚህ አስቀድሞ የአድዋ ሠዓሊዎች አሉን። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተሰለፈውን 100,000 ያህል ሠራዊት በአንድ ሸራ ሲያሳዩ ፊትን በረድፍ መደጋገማቸው አልቀረም። ሆኖም የወገንን ፊት በሁለት ዓይን፣ የጠላትን በጐን በአንድ ዓይን የመሣል ልማድ ነበራቸው። በረድፎቹ መካከልም ምኒልክና ጣይቱ እንደየማዕረጋቸው ተለይተው ይታወቃሉ። ድግግሞሹ ትርጉም የሚያገኘው ከዚህ ነው። ኃይሌ ገሪማም እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው «አድዋ» ሠራዊት አላሰለፈም፤ ሥዕሎቹን፣ ተራሮቹንና የአረጋውያንን ቃል አቀናጅቶ የዘማቹን ብዛት በተመልካቹ ኅሊና ውስጥ አቆመ። በቴአትር መድረክም ቢሆን እያንዳንዳቸው ለምን እንደ ወጡ የሚያውቁ አሥር ተዋንያን አደባባይ ይሞላሉ፤ የማያውቁ መቶ ተዋንያን ግን ባዶ መድረክ ናቸው።

ስለዚህ ዘዴውን መናቅ አይገባም፤ ድሀ ለሆነው ፊልማችን ታላቅ አጋዥ ነውና። ነገር ግን የሚባዙት መቶ ሰዎች አስቀድመው ሰው ይሁኑ። አንዱ ከጐጃም፣ አንዱ ከወለጋ፣ አንዱ ከትግራይ የመጣ፣ ስንቁን የተሸከመ፣ ልጁን ትቶ የዘመተ መሆኑን ዐውቆ ይቁም፤ ከኋላ ያለው ይባዛ፣ ከፊት ያለው ግን በልምምድ ይሠራ። አድዋ ላይ ከወደቁት አብዛኞቹ ስማቸው አልተጻፈም። ስም ያጣውን ዘማች ፊት ደግሞ መንሳት ሁለተኛ ቀብር ነው። ከያኒው ከዚህ ሊያድነው ይገባል።