ኧረ ይኼን ቦርሳ እዩልኝ!

ለመንገድ የሚሆን የጀርባ ቦርሳ የምትፈልጉ ሁሉ፣ የአዲስ አበባን ሱቆች ለጊዜው ርሷቸው። ዱባይ ለሚሄድ ዘመድም አደራ አትስጡ። ሞያሌ ውረዱ፣ ድንበሩን ተሻገሩ፣ ኬንያ በኩል ካለው የሚቱምባ ገበያ ግቡና እጃችሁን ክምሩ ውስጥ ክተቱ! እኔ ከዚያ ክምር ያወጣሁትን ቦርሳ ካዘልኩ ወዲህ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ተስኖኛል። ቤተሰቤ ሰልችቶታል፤ አንባቢ ግን ገና አልሰማም።

ሚቱምባ ማለት እኛ ሳልቫጅ የምንለው ነው። ፈረንጅ ለብሶ፣ አዝሎ፣ ተጫምቶ የተወው ሁሉ 45 ኪሎ በሚመዝን ቦንዳ ታስሮ ሞምባሳ ወደብ ይራገፋል፤ ናይሮቢ ጊኮምባ ገበያ ላይ ይፈታል፣ ይለያል፤ የቀረው በኢሲዮሎና በማርሳቢት አድርጎ ወደ ሰሜን ይወጣል። ከኢሲዮሎ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ፒስታ በነበረበት ዘመን የጭነት መኪና ቀናት ይፈጅበት ነበር። አሁን አስፋልት ነው፤ ጥሩ ዕቃም ሳይዘገይ ይደርሳል።

አዲስ ቦርሳ ስትገዙ የምትገዙት ተስፋ ነው። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ይላል፣ እናንተ ታምናላችሁ፣ እውነቱን የምታውቁት አውቶቡስ ላይ ማንገቻው ሲበጠስ ነው። የሳልቫጅ ቦርሳ ግን ፈተናውን ጨርሶ ነው የሚመጣው! ዓመታት በሰው ጀርባ ላይ ኖሯል፤ ሊበጠስ የነበረው ተበጥሶ፣ ሊላጥ የነበረው ተልጦ አልቋል። ክምሩ ውስጥ ደህና ሆኖ የተገኘ ቦርሳ ማለት ምስክር ያለው ቦርሳ ማለት ነው። ይኼን የመሰለ የጥራት ማረጋገጫ የትኛው ፋብሪካ ይሰጣል?

የእኔው ብርቱካንማ ነው። ማርኩን አንዱ በምላጭ ቆርጦ አውጥቶታል፤ ቀዳዳ ቀዳዳ የመርፌ ፈለግ ብቻ ቀርቷል። በዚህ ደስ ብሎኛል፤ ማርክ ቢኖረው ኖሮ ዋጋው ሌላ ይሆን ነበር፣ እኔም ስሙን አይቼ እጄን መጠቀም እረሳ ነበር። ሻጯ ቡርጂ ናት፤ አማርኛዋ እንደ ልብ ይፈሳል። ዋጋ ስጠይቃት ቦርሳውን ደረቴ ላይ ለጠፈችብኝና «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዚፑን ሞክር። ዚፑ ካልሄደልህ ዋጋው ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የቦርሳ ሞት በዚፕ ይጀምራል፤ ያውም በማዕዘኑ ላይ። ጎተቻው ላይ ዋይኬኬ የሚል ተቀርጿል፤ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ ያለ የጃፓን ኩባንያ ነው፤ ይሁን እንጂ ይኼ ፊደል በገፍ ስለሚኮረጅ ፊደሉን አይቶ መርካት የዋህነት ነው። ከክምሩ ሹራብና ጃኬት እያነሳሁ ቦርሳውን እስኪወጠር ሞላሁትና ዚፑን ዙሪያውን ነዳሁት። ማዕዘኑ ላይ አንድም ጊዜ አልያዘም! አልነከሰም፣ ከኋላው አልተከፈተም፣ ሽር ብሎ ዞረ። ደግሞ እንደ ሻንጣ ሙሉ በሙሉ ነው የሚከፈተው፤ ካልሲ ፍለጋ ከላይ እጅ ከቶ እስከ ታች መበርበር ቀረ።

ቀጥሎ ጨርቁ። ከውስጥ ስፌቱ ላይ ኮርዱራ የምትል ትንሽ ምልክት ተርፋለች፤ ጠንካራ የናይለን ጨርቅ ነው። የእንዲህ ያለ ጨርቅ ክር ውፍረት የሚለካው በዴኒየር ነው፤ 9,000 ሜትር ክር 500 ግራም ከመዘነ 500 ዴኒየር ይባላል። ቁጥሩ ሲበዛ ጨርቁም ይከብዳል፤ ስለዚህ 1,000 የሚል ስታዩ አትጓጉ። ለመንገደኛ ከዚያ ግማሹ ይበቃል፣ ታቹ ብቻ ድርብ ከሆነ። የእኔው ታቹ ድርብ ነው! ገልብጬ ወደ ፀሐይ አነሳሁትና ጭንቅላቴን ውስጡ ከትቼ ተመለከትኩ፤ አንዲት የብርሃን ነጠብጣብ እንኳ አልገባችም። ሻጯ ሳቀችብኝ፤ ትሳቅ።

ኪሱን የሚሸፍነውን ክዳን ደግሞ ገለጥኩት። ከክዳኑ ሥር ያለው ቀለምና ውጭ ያለው ቀለም ሲነጻጸሩ ቦርሳው ምን ያህል ፀሐይ እንደጠጣ ይናገራሉ፤ ናይለን በፀሐይ ይዳከማልና ይኼን ሳያዩ መግዛት አይገባም። ልዩነቱ ጥቂት ነበር። ውስጡን በጣቴ ፈተግኩት፤ ውኃ እንዳያስገባ የተቀባው ሽፋን ሲያረጅ ይጣበቃል፣ ቀጥሎም እንደ ፎረፎር እየተላጠ ልብስ ያበላሻል። ጣቴ ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

እኔን የገደለኝ ግን ስፌቱ ነው። ማንገቻው ከጀርባው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ተመልከቱ፤ ክብደት ሁሉ የሚያርፈው እዚያች የአውራ ጣት ስፋት በማትሞላ ቦታ ላይ ነው። ተራ ቦርሳ ላይ አንድ መስመር ስፌት ሄዶ ያበቃል። እዚህ ክሩ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ እጅግ ጠቅጥቆ ሰፍቶታል፤ የማንገቻው የታች ጫፍ ደግሞ በቀጥታ ከገላው ጋር አልተሰፋም፣ በሦስት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ መሐል ገብቶ ነው የተያዘው፤ ሸክሙ በአንድ ነጥብ ላይ ሳያርፍ እንዲበተን። ውስጡን ብትገለብጡት የስፌቱ ጠርዝ ሁሉ በጥብጣብ ተሸፍኗል፤ የሚተረተር ክር የለም። ማንም የማያየውን ቦታ እንዲህ አሳምሮ የሚሰፋ ሰው፣ የትም ይሁን፣ እጁ ይባረክ!

ክብደቱን ከስኳር ሻጭ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ 1 ኪሎ ከ100 ግራም። ይኼ ቀላል ቁጥር አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል ይዛችሁ እንድትገቡ የሚፈቅደው 7 ኪሎ ነው፤ መጠኑም 55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትር። ባለ ጎማ ትንሽ ሻንጣ ባዶውን 3 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ለልብሳችሁ 4 ኪሎ ይተርፋል። ለእኔ 5 ኪሎ ከ900 ግራም ይተርፈኛል! የልብስ ሰፊ ሜትር ተውሼ ለካሁት፣ መጠኑም ልክ ገባ። ጎማ ደግሞ የሞያሌን አቧራና ጠጠር አይወድም፤ ጀርባ ግን የትም ይሄዳል።

ከ2,500 ሽልንግ ተነስተን በ1,800 ተስማማን። ልብሴን ሞልቼ፣ አዝዬ፣ ወደ ሀገሬ ተመለስኩ። ኅዳር 2013 መጨረሻ ላይ የተመረቀው የጋራ የድንበር ጣቢያ ከተከፈተ ወዲህ የሁለቱ ሀገር ሠራተኞች አንድ ጣሪያ ሥር ስለሚሠሩ ጉዳዩ በአንድ ቦታ ያልቃል። ለንግድ ልባሽ ማስገባት ክልክል ነው፤ የራሱን ካልሲ የተሸከመውን መንገደኛ ግን ቀና ብሎ ያየው አልነበረም።

እንከን አለው። የውኃ ጠርሙስ ማስቀመጫ የጎን ኪስ የለውም፤ ይኼን የረሳ ሠሪ በሙቀት ተጉዞ አያውቅም። የደረት ማሰሪያው ዘለበትም ተሰብሮ ነበር። ኢትዮጵያ በኩል ላለ ጫማ ሰፊ ሰጠሁት፤ ከሌላ አሮጌ ቦርሳ ነቅሎ ጥቁር ዘለበት ገጠመልኝ። በዚያው ማንገቻውን አጠናክርልኝ ብለው ስፌቱን አገላብጦ አየና «ጋሼ፣ ይኼንስ አልነካም፤ የእኔ መርፌ ያበላሸዋል» ብሎ መለሰልኝ። ለዘለበቱ 80 ብር ተቀበለኝ።