«አቅኚ» እና «መጤ»፦ የአጥንት ቆጠራ በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው ከማንኩሳ ነው። ከጅጋ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ቡሬ የሚጓዝ መንገደኛ ዛሬም ያልፍባታል። ሐያስያን ልብ ወለዱን የባላባቱን ሥርዓት ብልሹነት ያጋለጠ ሥራ አድርገው ሲያወድሱት ኖረዋል፤ ውዳሴውም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ በቂ ትኩረት ያገኘ አይመስለንም፤ ለመሆኑ አጥንት የሚቆጥረው ባላባቱ ብቻ ነበርን?

በመጽሐፉ ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ለሰብለ ወንጌል በዘር የሚመጥን ባል ሲያማርጡ ዕድሜዋን ያሳልፉባታል። ጉዱ ካሣ ከዚያው ዘር ተወልዶ ገረዲቱን በማግባቱ እንደ እብድ ይቆጠራል። በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎችም ከልማድ ውጭ የተጠየቁትን መተያያ አንሰጥም ብለው ይነሣሉ። ደራሲው ገበሬውን በአክብሮት ሥሎታል። ነገር ግን የሣለው ከጌታው ጋር ሲፋጠጥ ነው፤ ገበሬው ከገበሬው ጋር በርስት ሲሟገት የሚቆጥረው አጥንት የድርሰቱ ዋና ግጭት አልሆነም።

የጎጃም ገበሬ ኑሮ ግን በዚህ ቆጠራ ላይ የቆመ ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ዋና አባት በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል መወለዱን ያስረዳ ሁሉ የርስት ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የዘር ሐረግ መብትን ቢሰጥም መሬቱን በእጅ ለማስገባት ጉልበትና ተሰሚነት ይጠይቅ እንደነበር አሳይቷል። ሥርዓቱ የሴት ልጅን ዘር አለማግለሉ በጎ ጎኑ ነው። በአንጻሩ የሚቆጥረው አባት የሌለው ጭሰኛ፣ ሸማኔና ቀጥቃጭ ከአጥሩ ውጭ ቀርቷል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ ከግብሩ መክበድ ይልቅ ያስፈራው ርስቱን የማጣት ሥጋት ነበር። እንግዲህ ያው ቆጠራ ለአንዱ ክብር፣ ለሌላው አጥር ነበር።

ይሁንና «አቅኚ» ማን ነው? ከሌላ ሥፍራ መጥቶ ጫካ የመነጠረ፣ መሬት ያቀና ሰው አይደለምን? በምዕራብ ጎጃም ሜጫ የሚለው የወረዳ ስም በዘመናት ውስጥ መጥተው የሰፈሩ ኦሮሞዎችን ያስታውሰናል። በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት የጋፋቶች ቋንቋ ደግሞ ጠፍቷል። የሁሉም ርስት መነሻ መምጣት ነው። አቅኚ ማለት መጤነቱ የተረሳለት ሰው ነው።

የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ ንብረት ሲያደርግ የቆጠራው መሠረት የተናደ መስሎ ነበር። ቆጠራው ግን ከዘር ሐረግ ወደ ብሔር ተሸጋገረ። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ተፈናቅለው ቻግኒ የተጠለሉት ብዙዎች እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አርሰው «መጤ» የተባሉ ናቸው። የጉሙዝ ሕዝብም ከደገኛ በመጡ ባሪያ ፈንጋዮች ለዘመናት የደረሰበት ግፍ አለ፤ ይህን የሸሸገ ድርሰት እውነትን በግማሹ ይናገራል። አያቱ በጅጋ አካባቢ ባለርስት የነበረ ሰው ዐባይን ወይም በለስን ሲሻገር ያልተቆጠረ ይሆናል።

ሐዲስ ዓለማየሁ የባላባቱን የአጥንት ትዕቢት ባደባባይ አስቁመው ዳኝተውታል። ለእኛ የተረፈው የራሳችንን መዳኘት ነው። መድረካችን ጌታና ሎሌ አልጎደለውም፤ የጎደለው የርስት ሸንጎ ነው። አንዱ ገበሬ አባቶቹን እስከ አቅኚው ሲቆጥር፣ የሚቆጥረው የሌለው ጎረቤቱ ደግሞ በዝምታ ሲያዳምጥ የሚታይበት ተውኔት ያስፈልገናል። ቆጣሪው ከአቅኚው አልፎ አንድ ትውልድ እንዲቆጥር ቢጠየቅ ምን ይመልሳል? ይህን ጥያቄ በድፍረት የሚያነሣ ጸሐፊ ከማንኩሳ የተጀመረውን ሥራ ይቀጥላል።