ክብደቱን የሚሸከመው ማን ነው? የሄቪ ሜታል ቤዝ ተጫዋቾች በስሜን ግርጌ ጆሮ ሲመዘኑ

በሄቪ ሜታል ሙዚቃ ወዳጆች ዘንድ የቤዝ ጊታር ተጫዋቾችን ማወዳደር የቆየ ልማድ ነው። ጊዘር በትለር፣ ሌሚ ኪልሚስተር፣ ስቲቭ ሃሪስ፣ ክሊፍ በርተን እየተባለ ስም ይጠራል፤ ፍርዱ ግን ብዙውን ጊዜ የጣት ፍጥነት ከመቁጠር አያልፍም። ማን ይበልጥ ፈጠነ? ማን በአንድ ትንፋሽ ብዙ ድምፅ አወጣ? ይህ የሩጫ ሚዛን እንጂ የሙዚቃ ሚዛን አይደለም። ቤዝ በአንድ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ የሚቆምበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ይኸውም ምቱንና ዜማውን ከሥር ሆኖ ማገናኘት፣ ለሌሎቹ መሬት መሆን ነው። ስለዚህ ተገቢው ጥያቄ፣ ተጫዋቹ እጁን ከክሩ ላይ ቢያነሣ ከሙዚቃው ምን ይጎድላል የሚለው ይሆናል።

ይህ ጥያቄ ከደባርቅና ከዳባት ሲነሣ የራሱን መልክ ይይዛል። ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ አልፎ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖረው ሕዝብ ጆሮውን ያሠለጠነው በማሲንቆ ነው። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ ያለው መሣሪያ እንደ መሆኑ፣ አዝማሪው በዚያች አውታር የገዛ ድምፁን ይከተላል፣ ይመልሳል፣ ያስጌጣል እንጂ ከሥሯ ሌላ ዝቅተኛ ድምፅ አያቆምላትም። የሥሩን ቦታ የሚሞላው ከበሮው፣ ጭብጨባውና የጨፋሪው እግር ነው። በአጭሩ በአካባቢው ባህል ቤዝ ተጫዋች የሚባል ሰው ባይኖርም የቤዝ ሥራ ግን ነበረ፤ ሥራው የተሰጠውም ለተሰበሰበው ሕዝብ ነበር። በገና ዝቅተኛና ከባድ ድምፅ አለው፤ በአውታሮቹና በበርኩማው መካከል የሚገባው እንዝራ የተባለው ቁራጭ ቆዳ የሚሰጠው ንዝረትም፣ ሄቪ ሜታል በኤሌክትሪክ ኃይል ከሚፈልገው የሻከረ ድምፅ ጋር የሥጋ ዝምድና ያለው ይመስላል። ይሁን እንጂ በገና የጸሎትና የጾም መሣሪያ ነውና ወደ ሠርግ ዳስ አይገባም።

አሁን ማሲንቆው ከኤሌክትሪክ ኦርጋን ጎን መቆም ከጀመረ ሰንብቷል። ወጣቱም ሮክና ሄቪ ሜታል በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። በዜማው ሥር አዲስ ዝቅተኛ ድምፅ ገብቷል ማለት ነው። ይህ ድምፅ ዜማውን ይሸከመዋል ወይስ ያጎብጠዋል? የባዕድ አገር ቤዝ ተጫዋቾችን ማወዳደር ለዚህ አገር ባለሙያና መምህር ጠቃሚ የሚሆነው በዚህ በኩል ነው።

ሄቪ ሜታል ከተወለደባቸው ሥፍራዎች ዋናዋ የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ በርሚንግሃም ናት። የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በ1965 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በብረታ ብረት ፋብሪካ በሥራ ላይ እንዳለ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። የተጎዱት ጣቶች እንዲችሉት ብሎ ውሎ አድሮ የጊታሩን ክሮች አላላ፤ ክሩ ሲላላ ድምፁ ወረደ፤ ድምፁ ሲወርድ ሙዚቃው ከበደ። በ1971 በወጣው «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» አልበም በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ጊታሩ ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ወርዶ ሲቃኝ የጊዘር በትለር ቤዝም አብሮት ወረደ። ስለዚህ ሙዚቃ አመጣጥ ብዙ ተረት ይነገራል፤ ክብደቱን ከተረቱ ሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው ግን ይህ የአንድ ሠራተኛ እጅ ታሪክ ነው።

በትለር ወደ ቤዝ የመጣው ከጊታር ነው። በባንዱ ሁለተኛ ጊታሪስት ስላልነበረ አዮሚ ለብቻው ሲያዜም ከሥሩ ባዶ እንዳይሆን የሚጠብቀው በትለር ነበር። አዮሚ አጭሩን ተደጋጋሚ ሐረግ ሲመታ ደግሞ በትለር ያንኑ ሐረግ ከሥር ይደግመዋል፤ ጊታሪስቱ ክሩን ገፍቶ ድምፁን ሲያንሸራትት እርሱም ወፍራሙን የቤዝ ክር ገፍቶ ያንሸራትታል። በሌሎች ዘንድ ይህ እንደ ጥቃቅን ጌጥ ሊታይ ይችላል። በማሲንቆ ላደገ ጆሮ ግን ዋና ነገር ነው፤ የአዝማሪው ጣት ከድምፅ ወደ ድምፅ የሚሄደው እየረገጠ ሳይሆን እየተንሸራተተ ነውና። በቤዝ ጊታር አንገት ላይ የተተከሉት ብረቶች ድምፁን በእኩል ግማሽ ድምፅ ይከፋፍሉታል፤ የአዝማሪው ጉሮሮ ይህን እኩልነት አያውቀውም። በሁለቱ መካከል ድልድይ የሚሆነው እንደ በትለር ክሩን የሚገፋ ጣት ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይም አለ። የባንዱን ስም የያዘው የ1970 ዘፈን የቆመው በሦስት ድምፆች ላይ ነው፤ መነሻው፣ የዚያው መነሻ ድምፅ ከፍ ብሎ፣ ቀጥሎም ከመነሻው ሦስት ሙሉ ድምፅ የሚርቀው ድምፅ። ይህ ርቀት በአውሮፓ የሙዚቃ ትምህርት እንደ ሻካራና ዕረፍት የለሽ ሆኖ ሲታይ የኖረ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አድማጮች ያስደነገጣቸውም እርሱ ነው። የኢትዮጵያ ጆሮ ግን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። አንቺ ሆዬ ቅኝት ከዶ ቢነሣ ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል ቢሞል፣ ላ ይሆናል፤ ከዶ እስከ ሶል ቢሞል ያለው ርቀት ያው ሦስት ሙሉ ድምፅ ነው። በርሚንግሃም ላይ ሰው ያስደነገጠው ድምፅ እዚህ ሙሽራ ይሸኝበታል።

ችግሩ የሚጀምረው ቤዙ ሲገባ ነው። የሮክ ጊታሪስት አዘውትሮ የሚመታው ኮርድ መነሻውንና አምስተኛውን ድምፅ፣ ማለትም ዶንና ሶልን ብቻ የያዘ ነው፤ ቤዝ ተጫዋቹም ከመነሻው ወደ አምስተኛው መመላለስን ከመጀመሪያው ትምህርቱ ጀምሮ ይለምደዋል። በትዝታ፣ በባቲና በአምባሰል ይህ ልማድ ብዙ አያስቸግርም፤ በሦስቱም ሶል አለና። በአንቺ ሆዬ ግን ሶል የለም። ቤዙ ሶልን በኃይል ሲመታ የድምፃዊው ሶል ቢሞል ስሕተት መስሎ ይሰማል፤ ድምፃዊው ሳያውቀው ከፍ ያደርገዋል። ላውም በዚያው ዝቅ ካለ ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቢሞል ሆነ ማለት ነው፤ ይህም አምባሰል ነው። እንዲህ አንድ ቅኝት ማንም ሳይከለክለው፣ ባልታሰበበት የቤዝ ድምፅ ብቻ ሊጠፋ ይችላል። በኦርጋን ላይ የተቀረጸ የቤዝ ምት ለሁሉም ዘፈን በሚከፈትበት ሠርግ ይህ አደጋ ከፍ ያለ ነው፤ ማሽኑ የድምፃዊውን ጉሮሮ አያዳምጥምና። በመነሻው ላይ ጸንቶ መቆምን፣ ሲሄድም ወደ ሶል ቢሞል ሳይፈራ መሄድን የሚያሳይ አርአያ ቢፈለግ በትለር ቅርብ ነው። በዚህ ሚዛን ከአራቱ ቀዳሚው እርሱ ነው።

ስቲቭ ሃሪስ አይረን ሜይደንን በ1975 በለንደን የመሠረተና የባንዱን ዘፈኖች አብዛኛውን የደረሰ ሰው ነው። መምቻ አይዝም፤ በጣቱ ይጫወታል። የታወቀበት ምት የፈረስ ግልቢያ ይመስላል፤ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፣ እንደገና አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። በ1983 የወጣው «ዘ ትሩፐር» ስለ ክራይሚያ ጦርነት ፈረሰኞች የሚናገር ስለ ሆነ ምቱ ከግጥሙ ጋር ገጥሟል። ለዳባትና ለደባርቅ ሰው ፈረስ እንግዳ አይደለምና ይህ ዘፈን በቶሎ ቢወደድ አያስገርምም። ይሁን እንጂ የሃሪስ ግልቢያ እያንዳንዱን ምት ለአራት የሚከፍል ሲሆን፣ የጎንደር እስክስታ የሚወርድበት ችክችካ ምቱን ለሦስት ይከፍላል። አንዱን በሌላው ሥር ያነጠፈ ተጫዋች የጨፋሪውን ትከሻ ያሰናክላል። ከሃሪስ ሊወሰድ የሚገባው የግልቢያው ቅርጽ ሳይሆን የቀኝ እጁ ጽናት ነው፤ ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው ክብደት፣ ያው ርቀት። በተረፈ ዝናው ከሚያስፈልገው በላይ የተነገረለት ነው።

ክሊፍ በርተን በ24 ዓመቱ፣ መስከረም 27 ቀን 1986 ስዊድን ውስጥ በአውቶቡስ አደጋ ሞተ። ከሜታሊካ ጋር ያቀረጸው ሦስት አልበም ብቻ ነው። በ1983 በወጣው የመጀመሪያው አልበም ሙሉ አንድ ክፍል ለብቻው ቤዝ ተሰጥቶታል፤ በ1986ቱ «ኦራየን» ደግሞ ቤዙ በመካከል ተነሥቶ ራሱ ዜማ ይሆናል። ቤዝ ዜማ ሊሸከም እንደሚችል ከበርተን በተሻለ ያሳየ የለም፤ ማሲንቆ ዝቅ ባለ ድምፅ ቢቃኝ ምን ይመስል ነበር ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ እዚያ ነው። ወጣት ተጫዋቾች ግን ከበርተን የሚቀዱት ይህን ብቸኛ ክፍል ነው፤ በሌላው ጊዜ ከከበሮው ጋር ተጣብቆ የሚሠራውን ሥራ አይሰሙትም።

ያ ሥራ ምን እንደ ነበር የታወቀው ሲታጣ ነው። ሜታሊካ በ1988 ያወጣው «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» አልበም ላይ አዲሱ ተጫዋች ጄሰን ኒውስቴድ ቤዙን ተጫውቷል፤ በድምፅ ቅልቅሉ ግን ቤዙ ሊሰማ እስከማይችል ድረስ ተውጧል። ጊታሮቹ ወፍራም ናቸው፣ ከበሮው ይሰነጥቃል፤ ሙዚቃው ግን ደረቅ ነው፤ ሥጋ የሌለው አጥንት ይመስላል። ዘፈኖቹ የተደነቁ መሆናቸው ይህን አይሽረውም። ለመምህራን ይህ አልበም ካንድ ሰዓት ንግግር የበለጠ ማስተማሪያ ነው፤ ከሌሎቹ አልበሞች ጋር እያፈራረቁ ማሰማት ብቻ ይበቃል።

በ2015 የሞተው የሞተርሄዱ ሌሚ ኪልሚስተር ከሁሉም የተለየ ነው። ቤዙን እንደ ጊታር በኮርድ ይመታዋል፤ ማጉያውን እስኪሻክር ይከፍተዋል። በመሬትነት ሚዛን ቢመዘን ይወድቃል፤ ከሥር የሚገባውን ድምፅ ትቶ መካከሉን ይሞላልና። እርሱ ቢያቆም ግን የሚጎድለው ሙዚቃው ሁሉ ነው። ከበገና እንዝራ ጋር ዝምድና ያለው የሻከረ ድምፅ በሮክ ቤዝ ላይ ከተፈለገ ከሌሚ ዘንድ ይገኛል።

የሌሚን መንገድ ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኝ አንድ ሰው አለ። አሜሪካዊው ቢል ላስዌል፣ ራሱም ቤዝ ተጫዋች፣ በ1986 የሞተርሄድን «ኦርጋዝማትሮን» አልበም አዘጋጀ። በ2001 የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» የተባለ አልበም፣ በ2012 ደግሞ የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» አዘጋጅቷል። ጃኖ የኢትዮጵያን ቅኝት በሮክ ጊታር ክብደት ለማቆም የተነሣ ቡድን ነው፤ ሙከራው ድፍረት የተሞላበት ነው። ነገር ግን በ«ኤርታሌ» ሚዛኑ ወደ ጊታሮቹና ወደ አራቱ ድምፃውያን ያጋደለ ነው፤ ቤዙ ታዛዥ ሆኖ ይከተላል እንጂ የሚወስነው ነገር ጥቂት ነው። ቤዝ ተጫዋች ባዘጋጀው አልበም ይህ መሆኑ ያስገርማል።

ጥያቄው ከጃኖ በፊትም መልስ አግኝቶ ነበር፤ ያውም ሄቪ ሜታል ባልነበረበት። በ1977 «ቸ በለው»ን ያወጣው የዋልያስ ባንድ ቤዝ ተጫዋች መላኩ ገብሬ፣ እንዲሁም በመጀመሪያ በአይቤክስ፣ ቀጥሎ በሮሃ ባንድ የተጫወተው ጆቫኒ ሪኮ፣ አጭር ሐረግ ይዘው ረጅም ጊዜ መቆየትን ያውቁ ነበር። አይቤክስ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር በሠራው «ኧረ መላ መላ» ቤዙ ቦታውን አይለቅም፤ ሳክስፎኑና ድምፃዊው ሲናገሩ ዝም የሚልበትንም ያውቃል። ፍጥነት ለሚቆጥር ሰው በነዚህ ሥራዎች የሚቆጠር ነገር የለም። ሆኖም ለሦስት በተከፈለ ምት ሥር ኤሌክትሪክ ቤዝ እንዴት እንደሚቆም ከሃሪስ ይልቅ ሪኮ ያስተምራል፤ ክብደቱን ከበትለር፣ አካሄዱን ከሪኮ የወሰደ ተጫዋች የጎንደርን ዘፈን ሳያጎብጥ ሊሸከም ይችላል።

ሳይነካ የቀረው ቀረርቶ ነው። ቀረርቶ ሊቆጠር የሚችል ምት የለውም፤ የሚሄደው በአቅራቢው ትንፋሽ ነው። በጩኸቱ፣ በኩራቱና በማስፈራራቱ ከአገሩ ዜማዎች ሁሉ ለሄቪ ሜታል የሚቀርበው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ከሥሩ ከበሮ ሲነጠፍለት ወዲያው ተራ ዘፈን ይሆናል። ከበሮውንና ጊታሩን ዝም አሰኝቶ፣ ቤዙ ብቻውን ክሩ ተላልቶ በአንድ መነሻ ድምፅ ላይ ቢቆም፣ አቅራቢው ትንፋሽ ሲወስድ ብቻ ደግሞ ቢመታ፣ ውጤቱ ሊሰማ የሚገባው ነው። ለሙከራው አንድ ቤዝ፣ አንድ ማጉያና ቀረርቶ የሚያውቅ አንድ የደባርቅ ገበሬ ይበቃሉ።