ስለትና መጠጊያ በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ላይ ከተጻፉት ሒሶች ብዙዎቹ መጽሐፉን የሚያነቡት የባላባቱን ሥርዓት እንደሚነቅፍ ሥራ ነው። ንባቡ ትክክል ነው። ነገር ግን በዚህ ዐይን ሲታይ የበዛብህ ስለት ፍቅረኞቹን ለማለያየት የገባ የትልም መሰናክል ብቻ ሆኖ ይታለፋል። በእኛ አመለካከት ግን ስለቱ ልብ ወለዱ ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች የጠለቀው፣ ማለትም ሰው ሕይወቱን በምን ላይ ያስጠጋል የሚለው፣ የሚቀርብበት ቦታ ነው።

ጥያቄው ገና ማንኩሳ ላይ ይጀምራል። ውድነሽ በጣሙ ሀብት አላት፤ ባል ግን አልበረከተላትም። ታሪኩ ከፊታውራሪ መሸሻ አዳራሽ ሳይሆን ከዚህች ሴት ቤት መነሣቱ ያለ ምክንያት አይመስለንም። ንብረት የሰውን ዕድሜ እንደማያስረዝም አንባቢው አስቀድሞ ያያል። በኋላም ከቦጋለ መብራቱ የወለደችው ልጅ በሕመም ሲሠቃይ፣ ወላጆቹ በእጃቸው ያለው እንደማያድነው ተረድተው ወደ እግዚአብሔር ይዞራሉ፤ ካደገላቸው ሳያገባ እሱን እያገለገለ እንዲኖር ይሳላሉ።

ድርጊቱ ላይ ላዩን ሲታይ ከሀብት ወደ አምላክ መመለስ ነው። ውስጡ ግን የውል መልክ አለው፤ ይህን ብትሰጠኝ ይህን እከፍላለሁ የሚል። በልማዳችን ለታቦት የሚሳል ሰው ጧፍ፣ ጃንጥላ ወይም መጋረጃ ያገባል፤ የሚሰጠው የራሱን ነው። ቦጋለና ውድነሽ ግን የከፈሉት የሌላ ሰው ዕድሜ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ስለት አብነት ተደርጋ የምትጠቀሰው የሳሙኤል እናት ሐና ናት። ይሁንና ሳሙኤል ለእግዚአብሔር ቢሰጥም ልጆች እንደወለደ ያው መጽሐፍ ይነግረናል። ስለዚህ የማንኩሳው ስለት ከአብነቱ አልፎ ሄዷል።

ሌላው ማነጻጸሪያ የገብረ ክርስቶስ ገድል ነው። የንጉሥ ልጅ የሆነው ገብረ ክርስቶስ ሙሽራውንና መንግሥቱን ትቶ ይሄዳል፤ በመጨረሻም በአባቱ ደጅ እንደ ለማኝ ሳይታወቅ ይኖራል። እሱ የተወውን ያውቀዋል፤ የተወውም በራሱ ፈቃድ ነው። በዛብህ ግን ያላየውን ዓለም እንዲተው የተፈረደበት በሕፃንነቱ ነው። በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው ያደጉት ደራሲ ይህን ልዩነት ሳያስቡት ቀርተዋል ማለት ይከብዳል።

በሌላው ወገን ፊታውራሪ መሸሻ አሉ። እኒህ ሰው የተጠጉት ዘርንና ጉልትን ነው፤ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልንም የዚያው ማስጠበቂያ አድርገው ይይዟታል። የመሬታቸው ገባሮች እምቢ ብለው ሲነሡ መጠጊያው ምን ያህል ስስ እንደነበረ ይገለጣል። ስለ እሳቸው ብዙ ተጽፏልና አንዘገይበትም። እዚህ የሚያስፈልገን አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ፊታውራሪውና የማንኩሳዎቹ ባልና ሚስት በኑሮ የቱንም ያህል ቢራራቁ፣ ሁለቱም ወገኖች ለራሳቸው ሥጋት ዋስ አድርገው ያቀረቡት ልጃቸውን ነው። የደሃው ቤት ጸሎት ከባላባቱ ቤት ትዕቢት ጋር በዚህ መገናኘቱ የሥራው መራራ ምጸት ይመስለናል።

ጉዱ ካሣም ቢሆን ይህን ክር እስከ መጨረሻው አይጎትተውም። ክርክሩ ከልማድ ጋር ነው፤ ልማዱን ከእምነቱ ለይቶ ያያል እንጂ ልማዱ ሲፈርስ ሰው በምን ሊጠጋ እንደሚችል ሲናገር አንሰማውም።

መልስ የሚመስል ነገር የምናገኘው ከሰብለ ወንጌል ዘንድ ነው። ለእሷ የተሳለ ማንም የለም። የአባቷን ቤት፣ ስሟንና ውርሷን ትታ ስትወጣ ምንም የተገባላት ተስፋ አልነበረም፤ በዛብህ ከሞተም በኋላ ትመነኩሳለች። ወላጆቹ ለበዛብህ የተሳሉትን ሕይወት የምትፈጽመው እንግዲህ ሳትሳል፣ በፈቃዷ፣ እሷ ናት። አንዳንድ ተማሪዎች ይህን እንደ መንፈሳዊ ድል ያነቡታል። እኛ ግን እንጠራጠራለን፤ የመነነችው ወደ ገዳም ሳይሆን ወደ አንድ ሰው መቃብር ነውና፣ የተጠጋችው እግዚአብሔርን ይሁን ሙቱን መለየት ያዳግታል። ደራሲውም አይለዩልንም። የሚያሳዩን ልብሱን ብቻ ነው፤ ከአባቷ ቤት ስታመልጥ እንዳትታወቅ የለበሰችውን የምንኩስና ልብስ በኋላ የእውነት ትለብሰዋለች።